ተፎካካሪ የሚመሰክርበት ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በ2015 የአዮዋ መንግሥት ከነበሩት አራት የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ሁለቱን፣ ክላሪንዳንና ማውንት ፕለዘንትን፣ ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የግል ኩባንያ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ቤተንዶርፍ ከተማ 72 አልጋ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል ልሥራ ብሎ አመለከተ። ጉዳዩ የቀረበለት የክፍለ ግዛቱ ቦርድ ሐኪሞቹ ብቁ ናቸው ወይ፣ ሕንፃው ከእሳት አደጋ የተጠበቀ ነው ወይ ብሎ እንዲመረምር አልነበረም የተሰበሰበው። እንዲመልስ የተጠየቀው ይህ ሆስፒታል ለአካባቢው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ነው። አያስፈልግም ብለው የተከራከሩት ደግሞ እዚያው አካባቢ የሚሠሩ ሁለት ነባር የሆስፒታል ድርጅቶች ናቸው። ሠራተኞቻችንን ይወስድብናል፣ ገቢያችንን ይጎዳል አሉ። የቦርዱ ድምፅ ሁለት ለሁለት ተከፈለ፤ እኩል ድምፅ እንደ እምቢታ ስለሚቆጠርም ማመልከቻው ወደቀ። ፈቃዱ የተገኘው በድጋሚ አመልክተው በ2017 ነው። ሆስፒታሉ በሩን የከፈተው በ2020 ነው።

በእነዚያ ዓመታት የአካባቢው ሰው መታመሙን አላቆመም። አልጋ ያጣ የአእምሮ ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት ይጠብቃል፣ ወይም በሸሪፍ መኪና ተጭኖ ብዙ ሰዓት ርቆ ይሄዳል፣ ወይም እስር ቤት ይገባል። የአዮዋ ብቻ ጉዳይም አይደለም። ከ30 በላይ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ አንድ የጤና ተቋም ከመከፈቱ ወይም አልጋ ከመጨመሩ በፊት «ያስፈልጋል» የሚል ማረጋገጫ ከመንግሥት እንዲያገኝ ያስገድዳሉ። ሰርተፍኬት ኦፍ ኒድ ይሉታል፤ እዚህ የአስፈላጊነት ማረጋገጫ እለዋለሁ። የአእምሮ ሕክምና አልጋንና የሱስ ማገገሚያን በዚህ ሕግ ሥር ያስገቡት ክፍለ ግዛቶች ብዙ ናቸው። እኛ ሐበሾች በብዛት የምንኖርበት ቨርጂኒያ ሕጉን ያወጣው በ1973 ነው። ሜሪላንድም ዲሲም የየራሳቸው አላቸው።

ይህ ሕግ ይላላ የሚል ሰው በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «መንግሥት እጁን ካነሣ ነጋዴ ይገባበታል፤ በታመመ ሰው ላይ ይነገድበታል፤ ድሃውም ይጣላል።» የሆስፒታል ማኅበራት ይህን በየጉባኤው ይናገራሉ። በእኛ በሐበሾችም ዘንድ፣ ነርስ ሆነው በሚሠሩት ጭምር፣ እንደ ግልጽ እውነት ተይዟል። የመጣንበት ሀገር ማኅተም የሌለበት ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ አስተምሮናልና ማኅተምን ብናከብር ተገቢ ነው። እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን በአእምሮ ሕክምናና በሱስ ማገገሚያ ላይ የተጣለው የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ታማሚውን ከምንም አይጠብቅም። የሚጠብቀው ቀድሞ የተከፈተውን ተቋም ነው። መነሣት አለበት፤ አሁኑኑ።

በመጀመሪያ ሁለት ፈቃዶች መለየት አለባቸው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚበላሸው ሁለቱ ሲደባለቁ ነውና። አንደኛው ላይሰንስ ነው። ስንት ነርስ ለስንት ታካሚ፣ መድኃኒቱ የት ይቆለፋል፣ መስኮቱ ራስን ለማጥፋት ያመቻል ወይ፣ ታካሚን ማሰር የሚፈቀደው መቼና ለስንት ሰዓት ነው፣ ቅሬታ ሲቀርብ ማን ይመረምራል፤ ይህ ሁሉ በላይሰንስ ሥር ነው። ላይሰንስ የሌለበት ክፍለ ግዛት የለም። ቴክሳስ የአስፈላጊነት ማረጋገጫን በ1985 አስቀርታለች፤ ካሊፎርኒያ በ1987፣ ፔንሲልቬንያ በ1996። በሦስቱም ግን ሆስፒታል ያለ ላይሰንስ አይከፈትም። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ እንዲከፍለው የሚፈልግ ሆስፒታል የፌዴራሉን መስፈርት ማሟላት አለበት። የሱስ መድኃኒቱን ሜታዶን የሚሰጥ ክሊኒክ ደግሞ ከክፍለ ግዛቱ በተጨማሪ በፌዴራል መንግሥቱ የጤናም የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥርም መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ሌላ በር ነው። እዚያ በር ላይ የሚጠየቀው ስለ ገበያው ነው፦ በአካባቢው ስንት አልጋ አለ፣ ስንቱ ተይዟል፣ አዲሱ ቢከፈት ነባሮቹ ምን ይሆናሉ። ነባሮቹም ቀርበው ይቃወማሉ፤ ቢሸነፉ ይግባኝ ይላሉ፤ ጉዳዩ በጠበቆች እጅ ዓመታት ይፈጃል። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው የዚያው ተራ ባለሱቆች ተሰብስበው «በቂ ሱቅ አለ ወይስ የለም» ብለው ይመስክሩ ቢባል፣ ማንኛችንም ሸማቹ እየተጠበቀ ነው አንልም።

ሕጉ ሲወጣ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ማወቅም ይገባል። ኒው ዮርክ በ1964 ቀዳሚ ሆነች። በዚያ ዘመን ሚልተን ሮመር የሚባል የጤና ምሁር አልጋ ከተሠራ መሙላቱ አይቀርም የሚል ሐሳብ አስፍኖ ነበር። የዘመኑ የክፍያ ሥርዓትም ሐሳቡን የሚያግዝ ነበር፦ ሆስፒታሉ ያወጣውን ወጪ ያስመዘግባል፣ ሜዲኬር ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ይገነባል፣ ወጪውን ሕዝቡ ይሸከማል። ስለዚህ ኮንግረስ በ1974 ክፍለ ግዛቶች ይህን ሕግ እንዲያወጡ የፌዴራል ገንዘብን መያዣ አድርጎ አስገደዳቸው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከሉዊዚያና በስተቀር ሁሉም ነበራቸው። ከዚያ ግን መሠረቱ ተናደ። በ1983 ሜዲኬር ለአጠቃላይ ሆስፒታሎች አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ መክፈል ጀመረ። ግዴታውም ወጪ እንዳልቀነሰ ታይቶ በኮንግረስ ተሰረዘ፤ ከ1987 ጀምሮ ሕጉን ማቆየትም መተውም የየክፍለ ግዛቱ ፈንታ ሆነ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የፍትሕ ሚኒስቴር በ2004 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ክፍለ ግዛቶች ሕጉን መልሰው እንዲያጤኑት መክረዋል።

«አልጋ ከተሠራ ይሞላል» የሚለው ስጋት ለልብ ቀዶ ሕክምና ወይም ለኤምአርአይ ማሽን ምናልባት ይሠራ ይሆናል፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ለአእምሮ ሕክምና ግን የዚህች ሀገር ታሪክ ተቃራኒውን ነው የሚነግረን። በ1955 በክፍለ ግዛቶች የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ከ550 ሺህ በላይ ሰዎች ተኝተው ነበር። በ2016 የቀረው አልጋ ወደ 38 ሺህ ገደማ ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር በዚያው ጊዜ ወደ እጥፍ አድጓል። እነዚያ አሮጌ ሆስፒታሎች ይመለሱ የሚል ሰው የለም። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚቆለፍባቸው የጭካኔ ቦታዎች ነበሩ፤ መዘጋታቸውም ደግ ነበር። ሆኖም ቃል የተገባው የማኅበረሰብ ሕክምና በቦታቸው አልተተካም። በዚያ ላይ ከ1965ቱ የሜዲኬይድ (የድሃው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ሕግ የመነጨ ደንብ ከ16 አልጋ በላይ ባለው የአእምሮ ተቋም ውስጥ ለሚታከሙ ከ21 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሰዎች የፌዴራል ገንዘብ አይከፈልም ይላል፤ ብዙ ማሻሻያ ቢደረግበትም ዛሬም አለ። የአልጋ እጥረቱ ምንጭ ብዙ ነው፤ የአስፈላጊነት ማረጋገጫ ብቻ አመጣው አልልም። የምለው እጥረት ባለበት ቦታ ትርፍ እንዳይኖር የሚከላከል ሕግ ማኖር ስህተት መሆኑን ነው። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 የአእምሮ ሕመምተኛን አልጋ ስለጠፋ ብቻ ያለ ሕክምና ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማቆየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ነገሩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪበቃ ድረስ አልጋ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

ሕጉን ከሚደግፉት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ስለ ድሃው የሚነሣው ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። እንዲህ ይላሉ፦ የአጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል በሜዲኬይድ ታካሚ ላይ ይከስራል፤ ኪሳራውን የሚሸፍነው ጥሩ ኢንሹራንስ ካለው ታካሚ በሚያገኘው ነው። አዲስ የግል ተቋም ከመጣ ኢንሹራንስ ያለውን መርጦ ይወስዳል፤ ነባሩ ከድሃው ጋር ብቻውን ይቀርና ክፍሉን ይዘጋል። ይህ ስጋት የተፈጠረ ወሬ አይደለም። መርጦ የሚወስድ ተቋም አለ።

እስቲ ክርክሩ የሚያምነውን ነገር እንመልከት። የድሃው አልጋ የሚደጎመው ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሌላ ምርጫ እንዳይኖረው በማድረግ ነው እያሉን ነው። ማለትም ድጎማው የሚሰበሰበው ከእጥረት ነው፤ የሚከፈለውም በመጠበቅ ነው። ይህን ግብር ማንም ሕግ አውጪ ድምፅ ሰጥቶ አላጸደቀውም፤ በየትኛውም በጀት ላይ አልተጻፈም። ከፋዩ ደግሞ ያ ድሃ ራሱ ነው፤ አልጋ ሲጠፋ መጀመሪያ ኮሪደር ላይ የሚቀረው ኢንሹራንስ የሌለው ነውና። ቨርጂኒያ ማረጋገጫውን ስትሰጥ ለችግረኞች የነፃ ሕክምና ግዴታ ማያያዝ ትችላለች፤ ደጋፊዎቹም በዚህ ይኮራሉ። ግዴታው መልካም ነው። ለምን በላይሰንሱ ላይ አይያያዝም? ላይሰንስ ላይ ቢሆን ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት የተከፈተውንም አዲሱንም እኩል ይይዛል፤ በየጊዜው ሲታደስም ይመረመራል። ማረጋገጫው ግን አንዴ ከተሰጠ በኋላ ለባለቤቱ ሀብት ይሆናል።

ጥናትም ቢሆን ድሃው ተጠቀመ አይልም። ጄምስ ቤይሊና ኤሌኖር ሌዊን በ2021 ያሳተሙት ጥናት የአእምሮ ሕክምናን በዚህ ሕግ ሥር ያስገቡት ክፍለ ግዛቶች ለአንድ ሚሊዮን ሰው ያላቸው የአእምሮ ሆስፒታል ከሌሎቹ በ20 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አግኝቷል። ሜዲኬርን የመቀበል ዕድላቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሜዲኬር የሽማግሌውና የአካል ጉዳተኛው ኢንሹራንስ ነው። ውድድር የሌለበት ተቋም ታካሚ የመምረጥ አቅም አለው፤ አልጋው መሙላቱ አይቀርምና። እውነት ለመናገር በሱስ ማገገሚያ ላይ የተሠራው ተመሳሳይ ጥናት በተቋማት ብዛት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ሕጉ ባለበት ግን የግል ኢንሹራንስ የሚቀበሉት አንሰዋል። ይህን ውጤት አልደብቅም። ሕጉ በሱስ ሕክምና ላይ ብዙም ጉዳት የለውም ማለት ከሆነ፣ ምን ጥቅም አለው የሚለውን ጥያቄ ደጋፊዎቹ ይመልሱ።

መንገዱን ያሳየችው ሰሜን ካሮላይና ናት። በማርች 2023 ዴሞክራቱ ገዥ ሮይ ኩፐር የፈረሙት ሕግ በሪፐብሊካኖች ከተያዘው ምክር ቤት ጋር በተደረገ ስምምነት የመጣ ነው። በአንድ በኩል ሜዲኬይድን አስፋፍቶ 600 ሺህ ለሚሆኑ ሰዎች ሽፋን ከፈተ፤ በሌላ በኩል የአእምሮ ሕክምና አልጋንና የሱስ ማገገሚያን ከአስፈላጊነት ማረጋገጫ አወጣ። ሁለቱ በአንድ ሕግ መሆናቸው ነው ትልቁ ነገር። ድሃው መታከም አለበት ከተባለ ለድሃው ሕክምና በግልጽ ይከፈል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይከፈት። ሜዲኬይድ በአግባቡ ሲከፍል ድሃውም ተፈላጊ ታካሚ ይሆናል። በዚያው ዓመት ደቡብ ካሮላይና አብዛኛውን ሕግ ሰርዛለች፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ጆርጂያም በ2024 አላልታለች።

የሕጉ ደጋፊዎች ሁለተኛው ትልቅ ክርክር አሪዞና ነው። በሜይ 2023 ገዥዋ ኬቲ ሆብስና ዋና ዐቃቤ ሕጓ ክሪስ ሜይስ ያጋለጡት ወንጀል በዚህች ሀገር የሱስ ሕክምና ታሪክ ከታዩት የከፋው ነው ብል አላጋነንሁም። ደላሎች የናቫሆንና የሌሎች ቀደምት ሕዝቦችን ልጆች ከየመንደራቸው በቫን እየጫኑ ወደ ፊኒክስ አመጡ፤ «ሶበር ሊቪንግ» (ከሱስ የሚታቀቡበት መኖሪያ) በተባሉ ቤቶች አጎሯቸው፤ ሕክምና ሳይሰጡ በስማቸው ለመንግሥት ሒሳብ ላኩ። በመንገድ ላይ የቀሩ፣ የጠፉ፣ የሞቱም አሉ። የተዘረፈው ገንዘብ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። አሪዞና ለሆስፒታልም ለሱስ ማገገሚያም የአስፈላጊነት ማረጋገጫ አትጠይቅም። «አያችሁ፣ በሩን ስትከፍቱ የሚገባው ይህ ነው» ይሉናል።

እኔም ያን ዜና ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ ከእነርሱ አያንስም። ወንጀሉ በየት በኩል እንደገባ መመርመር ግን ግዴታችን ነው። የገባው በክፍያው በኩል ነው። የክፍለ ግዛቱ የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤት ለቀደምት ሕዝቦች ባዘጋጀው ፕሮግራም ውስጥ ለአንዳንድ የሱስ ሕክምና አገልግሎት ቋሚ ዋጋ አልቆረጠም ነበር፤ ከተጠየቀው ሒሳብ መቶኛ ይከፍል ነበር። ብዙ የጠየቀ ብዙ አገኘ። ቤቶቹን ቀርቦ የሚያይ ተቆጣጣሪ በቂ አልነበረም፤ ያለ ላይሰንስ የሚሠሩም ነበሩ። እነዚህን ቀዳዳዎች የአስፈላጊነት ማረጋገጫ አይደፍናቸውም። ማረጋገጫው የሚጠይቀው አካባቢው አልጋ ያንሰዋል ወይ ብሎ ነው፤ በአሪዞና ደግሞ የቀደምት ሕዝቦች የሱስ ሕክምና እጥረት የታወቀ ስለነበር መልሱ «አዎ» ይሆን ነበር። ሌባ ወረቀት አሟልቶ ለመቅረብ አይቸገርም። የሚቸገረው ድንገት በር የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ ሲመጣና የተላከው ሒሳብ ከታካሚው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ነው።

ከዚህም በላይ፣ ማረጋገጫ ባለባቸው ክፍለ ግዛቶች የሚሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ንጹሕ ሆነው አልተገኙም። በሀገሪቱ ካሉት ግዙፍ የአእምሮ ሆስፒታል ባለቤቶች አንዱ የሆነው ዩኒቨርሳል ሄልዝ ሰርቪስስ መተኛት የማያስፈልጋቸውን ሰዎች አስተኝቷል፣ ከሚገባው በላይም አቆይቷል በሚል ለቀረበበት የፌዴራል ክስ፣ ጥፋተኛነቱን ሳያምን፣ በ2020 በ122 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። ይህ ኩባንያ ሕጉ ባለባቸውም በሌለባቸውም ክፍለ ግዛቶች ሆስፒታሎች አሉት። እንዲህ ያለ ኩባንያ ጠበቃና አማካሪ ቀጥሮ ለማረጋገጫ ሁለት ሦስት ዓመት መከራከር አይከብደውም። የሚከብደው አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ቤት ለመክፈት ቁጠባቸውን ያዋጡ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ሁለት ነርሶች ናቸው። አጥሩ የሚያስቀረው ትንሹን ነው።

የሱስን ጉዳይ በሚመለከት ከዌስት ቨርጂኒያ የበለጠ የሚያሳዝን ምሳሌ አላውቅም። በዚህ ክፍለ ግዛት፣ በሕዝብ ብዛት ሲሰላ፣ ከመጠን በላይ በተወሰደ ዕፅ የሚሞተው ሰው በሀገሪቱ ከፍተኛ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል። ክፍለ ግዛቱ በ2007 አዲስ የሜታዶን ክሊኒክ እንዳይከፈት ከለከለ፤ በዘጠኝ ክሊኒክም ተወስኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ሄሮይኑ፣ ቀጥሎም ፈንታኒሉ የመጣው። ሜታዶን፣ በተለይ በሕክምናው መጀመሪያ ላይ፣ ታካሚው በየዕለቱ ክሊኒክ ሄዶ የሚወስደው መድኃኒት ነው። በተራራማ አገር፣ መኪና ለሌለው፣ ሥራ መግቢያው ማለዳ ለሆነ ሰው፣ ክሊኒኩ አንድ ሰዓት ተኩል ርቆ ከሆነ መድኃኒቱ የለም ማለት ነው። እገዳው ከአስፈላጊነት ማረጋገጫ የጠነከረ ነው፤ ሁለቱ ግን የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ሱሰኛው የሚመጣው ክሊኒክ ስለተከፈተ ነው፣ ክሊኒኩ ካልተከፈተ ሱሱም አይኖርም የሚል አስተሳሰብ። ሱሱ ነበር። ሞቱም መጣ።

ወደ ቨርጂኒያ ልመለስ፤ እዚህ የሚነሣው ክርክር ስለ ሠራተኛ ነውና። በኖቬምበር 2013 የክፍለ ግዛቱ ሴናተር የክሪ ዲድስ የ24 ዓመት ልጅ በአእምሮ ቀውስ ውስጥ ሆኖ አልጋ ተፈለገለት፤ ሕጉ ለጊዜያዊ ጥበቃ የሚፈቅደው ሰዓት እስኪያልቅ አልተገኘም፤ ወደ ቤት ተመለሰ። በማግሥቱ አባቱን በስለት ወግቶ ራሱን አጠፋ። ቆይቶ ሲጣራ በአካባቢው አልጋ ያላቸው ሆስፒታሎች እንደነበሩ ታወቀ፤ ችግሩ አፈላለጉም ጭምር ነበር። ሰዓት እየቆጠሩ ስልክ በመደወል አልጋ የሚፈለግበት ሥርዓት አንድ ቀን ሰው እንደሚያመልጠው ግን የታወቀ ነው። በ2014 የወጣው ሕግ ሌላ አልጋ ካልተገኘ የመንግሥት ሆስፒታሎች እንዲቀበሉ አስገደደ፤ ሸክሙ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። በጁላይ 2021 ደግሞ ቨርጂኒያ ካሏት ስምንት የአዋቂዎች የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች አምስቱ ሠራተኛ በማጣት አዲስ ታካሚ መቀበል አቆሙ።

የሕጉ ደጋፊዎች ከዚህ የሚያወጡት መደምደሚያ እጥረቱ የሰው ነው፣ አዲስ ተቋም ቢከፈት ያሉትን ነርሶች ይበትናቸዋል የሚል ነው። አዮዋም ላይ ያሉት ይህንኑ ነው። ይህን ክርክር ስሰማ እቆጣለሁ፤ የሚናገረው ስለ እህቶቻችን ነውና። በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሆስፒታሎች ሌሊት የሚያድሩት ነርሶችና ረዳት ነርሶች ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። ታካሚ ሲመታቸው፣ ሁለት ሰው የሚሠራውን አንዳቸው ሲሠሩ፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይ ጋር አልሄድ ሲል ወደ ሌላ ቦታ መሄድ መብታቸው ነው። ነርሷ የሆስፒታሉ ርስት አይደለችም። አማራጭ ቀጣሪ እንዳይኖራት በሕግ መከልከል የሠራተኛ እጥረትን አይፈታም፤ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ያቆየዋል፤ ዝቅ ያለ ደመወዝ ደግሞ ሰውን ከሙያው ጭራሽ ያስወጣዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ እኛን ይነካናል። በኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ፣ ሁለት የኔፓል ተወላጆች ከቡታን ተሰደው የመጡ ኔፓልኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው ቤት ለቤት የሚያስታምም ድርጅት ለመክፈት አመለከቱ። ክፍለ ግዛቱ አያስፈልግም ብሎ ከለከላቸው፤ አንድ ትልቅ ነባር የጤና ድርጅትም ተቃውሟቸው ነበር። በ2022 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሕጉን ጥበብ ቢጠራጠርም ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደባቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ አእምሮ ሕክምና አልነበረም ያመለከቱት፤ ቀመሩ ግን አንድ ነው፦ የሕዝብ ብዛትና የአገልግሎት መጠን ይታያል፤ ታማሚው በምን ቋንቋ እንደሚያለቅስ አይታይም።

የእኛስ ሁኔታ? አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ በቨርጂኒያ የጤና ዕቅድ ውስጥ «ፕላኒንግ ዲስትሪክት 8» በሚባለው አካባቢ የሚገኙ ናቸው፤ የአልጋ አስፈላጊነት የሚሰላውም በዚህ ዲስትሪክት ደረጃ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያክም የአእምሮ ማገገሚያ ያስፈልጋል የሚል መስመር የለም። በእኛ ማኅበረሰብ የአእምሮ ሕመም ይደበቃል። «ልጁ ደክሞታል» ይባላል፤ ጸበል ይወሰዳል፤ ለንስሐ አባት ይነገራል። ጸበሉንም ንስሐ አባቱንም አልነቅፍም፤ ብዙ ሰው አጽናንተዋል። ለሐኪም የሚነገረው ግን ነገሩ ከእጅ ሲወጣ ነው፤ ያኔ የሚመጣው ፖሊስ ነው፤ ከፖሊስ በኋላ ድንገተኛ ክፍል። የሚሰማውን ድምፅ በአማርኛ የሚሰማ ልጅ፣ እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ በስልክ አስተርጓሚ በኩል «የምትሰማው ድምፅ ምን ይልሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። በእናቱ ፊት፣ በማያውቀው ሰው አንደበት፣ እውነቱን እንዲናገር አይጠበቅም። አስተርጓሚ ማቅረብ የሕግ ግዴታ ነው፤ መልካምም ነው። የራስን ቋንቋ የሚናገር ሐኪምና ነርስ ያለበት፣ ቤተሰብ ሳያፍር የሚመጣበት፣ ምሳው ሽሮ የሆነ ትንሽ ማገገሚያ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት ማቋቋም የሚችሉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አሉን፣ የሶሻል ወርክ ባለሙያዎች አሉን፣ ሃያ ዓመት በሳይካትሪ ክፍል የሠሩ ነርሶች አሉን። ለላይሰንስ ይመርመሩ፤ መንግሥት አጥብቆ ይመርምራቸው። ለነባሮቹ ሆስፒታሎች ጠበቆች ግን ማስረዳት አይገባቸውም።

የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ምክር ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ አንዱ በሪችመንድ፣ ሌላው በአናፖሊስ። ስለዚህ ሕግ ውይይት ሲደረግ የሆስፒታል ማኅበራቱ ተወካዮች ሁልጊዜ ይገኛሉ። የእኛ ማኅበራት፣ የነርሶቻችን ስብስቦች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶቻችን የሚልኩት ሰው ሊኖር ይገባል፤ የሚይዘውም ጥያቄ አጭር ነው። የአእምሮ ሕክምና አልጋና የሱስ ማገገሚያ ከአስፈላጊነት ማረጋገጫ ዝርዝር ይውጡ። ለችግረኞች የማከም ግዴታ በእያንዳንዱ ላይሰንስ ላይ፣ በነባሩም በአዲሱም፣ ይጻፍ። ለማረጋገጫው ክርክር የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ሳይነገራቸው በር ወደሚያንኳኩ ተቆጣጣሪዎች ይዙር። ሜዲኬይድ ለአእምሮ ሕክምና የሚከፍለው ዋጋም ሕክምናው ከሚያስወጣው ጋር ይመጣጠን።